ከነጎጆው የመጣው ጃርት

ጃርት ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ያን ትልቁን፣ የአትክልት ማሳ አውድሞ ረጅም እሾሁን እያንኮሻኮሸ የሚሸሸውን ነው። ዶክተሩ ዕድሜውን የሰጠው ግን ለትንሹ ነበር፤ በሁለት መዳፍ ለሚታፈሰው፣ ሲነኩት ራሱንና እግሩን ከሆዱ ሥር ሸሽጎ እንደ ኳስ ለሚድበለበለው፣ ጢንዚዛና ቀንድ አውጣ እየለቀመ አጥር ለአጥር ለሚያመሸው። በዚህ ፍጡር መጻሕፍት ጽፏል፣ ተማሪዎች አፍርቷል፣ ባሕር ማዶ ተጋብዞ ንግግር አድርጓል። እናቱን ለማስደነቅ ግን አንድም ቀን አልተሳካለትም።

«ሰው ልጁን ዶክተር ይሁንልኝ ብሎ ያስተምራል፤ የኔውም ሆነልኝ፣ የጃርት» ይሉ ነበር። ወገቧን የሚያማት ጎረቤታቸው «ልጅዎ ያየኝ ይሆን?» ብላ ስትጠይቃቸው «እሾህ አብቅዪና ነይ» ብለው መልሰዋታል።

ይሁን እንጂ ከተማሪዎቹ ሁሉ ትጉዋ እሳቸው ነበሩ። ከከተማው ዳር ባለው አሮጌ ቤታቸው፣ ከጓሮው አጥር ሥር፣ አንድ ጃርት ይኖር ነበር። ሲመሽ ብቅ ብሎ፣ እያነፈነፈ፣ አጥሩን ተከትሎ ግቢውን ስለሚያካልል «ዘበኛዬ» ብለው ሰይመውታል። ከዓመታት በፊት የረገፈ ቅጠል ሰብስበው እሳት ሲለኩሱበት ለካ እሱ ክምሩ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል፤ ባልዲ ውኃ ቸልሰው አተረፉት፤ ከጀርባው ላይ ግን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቦታ እሾህ ሳይበቅልባት ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቅጠል አቃጥለው አያውቁም። ክምሩን ለዘበኛው ትተውለት፣ ልጃቸው ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር እሳቸው በጥያቄ ያፋጥጡት ነበር። ወተት ላስቀምጥለት ወይ? ወተት ሆዱን ያበላሸዋል፣ ውኃ ይበቃዋል አላቸው። አንዳንዴ አፉን አረፋ ሞልቶ ጀርባውን የሚቀባው ለምንድነው? አዲስ ሽታ ሲያገኘው ነው፣ ለምን እንደሚያደርገው ግን እኛም በቅጡ አናውቅም አላቸው። «ተመስገን፣ የማታውቁትም ነገር አለ» አሉት። በብርዱ ወራትስ ወዴት ይሄዳል?

የትም አይሄድም። ብርድ ሲገባ ጃርት ቅጠል በአፉ እየጎተተ ወደ ክምሩ ይገባል፤ ከውስጥ ሆኖም ዙሪያውን እየተሽከረከረ ቅጠሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ አደራርቦ በገላው ዙሪያ ያስተኛዋል። ከዚያ ልቡ ይዘገያል፣ ገላው እንደ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ በሙቀቱ ወራት የሰበሰበውን ስብ በቁጠባ እየበላ ሙቀት እስኪመለስ ይተኛል። «ቢባንን እንኳ መልሶ ይተኛል እንጂ ጎጆውን ተሸክሞ አይዞርም። ጎጆው ከቦታው ከተነሳ ያነሳው ሰው ነው» ብሎ ለእናቱ ያስረዳው ራሱ ዶክተሩ ነው። እናቱም ይህን እንደ ሌላው ሁሉ በልባቸው አኖሩት።

አንድ ውርጭ የጣለበት ጠዋት ሊጠይቃቸው ቢሄድ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው። አዳልጧቸው ወድቀው መነሳት አቅቷቸው ኖሯል። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ጣቶቻቸው ግን ደርቀው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። የልጅ አንጀት አይችልም፤ ዶክተሩ አልጋቸው ላይ አስተኝቶ እጃቸውን በእጁ እያሸ አንዴ የጀመረውን ሳያቋርጥ ተናገረ።

«ብቻሽን ነሽ፣ እማዬ። ቤቱ ያንሰፈስፋል። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? እኛ ጋ ትመጫለሽ፣ ሰው መሃል ትሆኛለሽ።»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እናቱ።

«ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ።»

እናቱ ጣራቸውን ቀና ብለው አዩና «እሺ፣ ብርዱ እስኪያልፍ» አሉ። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። ዶክተሩና ሚስቱ መስኮት ያለው ክፍል ለቀቁላቸው፣ ቁም ሣጥኑን አጋመሱላቸው። እሳቸው ግን ልብሳቸውን ከሻንጣው እያወጡ ለብሰው፣ አጥበው፣ አጣጥፈው ወደ ሻንጣው መመለስን መረጡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ በእሳቸው ተሞላ። በማለዳ ተነስተው ማድ ቤቱን ይፈትጋሉ፤ ፋርማሲ የምትሠራው ምራታቸው ስትመለስ ወሬ ቋጥረው ይጠብቋታል፤ በአሳንሰሩ ይቀልዳሉ። «ሰውን እንደ ዕቃ ቆልፎ ወደ ላይ የሚወረውር ነገር» ይሉት ነበር። ዶክተሩ ሌላ አገር ላለችው ታላቅ እህቱ ስልክ ደውሎ «ታድሳለች፣ ብታያት አታምኚም፤ ስትሮጥ ነው የምትውለው» አላት። በዚያ ደስታ ውስጥ ሆኖ ነው ቤቱን ለመሸጥ የወሰነው። ቤቱ ከአባቱ ሞት በኋላ በእሱ ስም ዞሯል፤ ያዞሩለትም ራሳቸው እናቱ ነበሩ፣ «ቢሮ ለቢሮ እኔን ከምታንከራትቱኝ» ብለው። ገዢው በብርዱ ወራት አፍርሶ ሙቀት ሲገባ ግንባታ ሊጀምር ይፈልጋል። ዶክተሩ ፈረመ። እናቱ ግን አልሰሙም።

በዚያው ሰሞን፣ በየዓመቱ እንደሚያደርገው፣ ለተማሪዎቹ ስለ ብርድ እንቅልፍ አስተማረ። «የተኛ ጃርት አግኝታችሁ ብታሞቁት ይነቃል» አላቸው። «ከትከሻው መሃል ያለው ስብ እንደ ምድጃ ይነድዳል። ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይሮጣል። እናንተም ደስ ይላችኋል። ያ ሩጫ ግን ለረጅም ወራት ያስቀመጠውን ስንቅ ባንዴ መጨረስ ነው። ውጭ የሚለቀም ጢንዚዛ የለም፤ መልሶ እንዳይተኛ ስቡ አልቋል። ይህን ደግነት የምትሉ ከሆነ የኔን ፈተና አታልፉም።» ተማሪዎቹ ሳቁ። ዶክተሩም ፈገግ አለ። ዕውቀት በሰው ራስ ውስጥ እንደ ፎቅ ቤት ነዋሪ ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ሳይተዋወቀው ዓመታት ይኖራል።

የእናቱ ሩጫ እየዋለ እያደር ረገበ። መጀመሪያ ወሬው ቀረ፣ ከዚያ ፍተጋው፣ ከዚያ ምግቡ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የማያውቁትን ጎዳና ሲያዩ ይውላሉ። ከአንደበታቸው ሳይለይ የቀረ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ብርዱ መቼ ነው የሚያልፈው?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«በኛ ሰፈር ቶሎ ነው የሚያልፈው።»

ሚስቱ ማድ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታፋጥጠው ነበር። «ንገራቸው። ሳይፈርስ ገብተው ይሰናበቱት።»

«አሁን ደካማ ናት። ብርዱ ይለፍ።»

«አንተ እኮ ብርዱን እንደ እሳቸው ነው የምትጠብቀው፤ ልዩነቱ እሳቸው የሚሄዱበት አለኝ ብለው ነው።»

 ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ።

አንድ ቀን ከአፍራሾቹ ኃላፊ ስልክ ተደወለለት። «ዶክተር፣ ከአጥሩ ሥር የቅጠል ክምር ልናነሳ ገለጥ ስናደርግ የሆነ እሾሃም ድቡልቡል ነገር አገኘን። የሞተ ይመስለኛል። እርስዎ የዚህ አዋቂ ነዎት ብለውኝ ነው።» ዶክተሩ ሥራውን ጥሎ በረረ። ቤቱ ጣራው ወርዷል፤ የማድ ቤቱ ግድግዳ ብቻውን ቆሟል። ድቡልቡሉ ላይ አጎነበሰ፤ ከጀርባው ላይ ያቺን የተላጠች ቦታ አያት። አልሞተም፤ ተኝቷል። ሙያው የሚያዘውን ሁሉ በጥንቃቄ ፈጸመ፤ እንስሳውን ነጥሎ አላነሳም፤ ጎጆውን ከነቅርጹ፣ ቅጠሉን ከነድርድሩ፣ ዳቦ እንደሚያነሳ ሰው ከሥሩ አፍሶ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ከዚያ በሚያስተምርበት የምርምር ተቋም ቀዝቃዛ ክፍል፣ እዚያ ከሚጠኑት ሌሎች የተኙ ጃርቶች ጎን፣ አስቀመጠው።

ሐሳቡ የመጣለት እዚያ፣ ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ ነው። እናቱ ከምግብ እየተለዩ፣ ከሰው እየራቁ ነው። ቤታቸውን ሊመልስላቸው አይችልም፤ ዘበኛቸውን ግን ይችላል። በማግስቱ ሣጥኑን ይዞ ገባና በረንዳው ላይ ጥላ ካለበት ጥግ አሳርፎ እናቱን ደግፎ አወጣቸው።

«ማን እንደመጣ እዪማ።»

እናቱ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው ገለጥ አደረጉ። የተላጠችውን ቦታ ነኩ። «ዘበኛዬ» አሉ። ድምፃቸው ከመጡ ወዲህ እንዲያ ረጥቦ አያውቅም፤ የልጅየው ዓይን እንባ አቀረረ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ቤቱን ልይ ብዬ ሄጄ፣ በሩ ላይ አገኘሁት።»

«በሩ ላይ።»

«አዎ። ባንኖ ይሆናል። እንዲህ ያደርጋሉ አንዳንዴ።»

ሰው መዋሸት ካለበት ከሚያውቀው ነገር ራቅ ብሎ ቢዋሽ ይሻለዋል። ዶክተሩ ግን ከማንም አብልጦ በሚያውቀው ነገር ዋሸ፤ ያውም ከማንም አብልጦ ላስተማረው ሰው። እናቱ እጃቸውን ከቅጠሉ አላነሱም። ቅጠሉ ባላቸው የተከሉት የወይን ሐረግ ነው፤ ገጽ በገጽ ተደራርቦ፣ ሳይላላ፣ ሳይበተን፣ እንደተሠራ ነው። ጎጆው ሙሉ ነው። ጃርት ጎጆውን ተሸክሞ እንደማይዞር ያውቃሉ። ክምሩ ተነስቷል ማለት ነው። ክምሩን ያነሳ ሰው ደግሞ ግቢው የእሱ የሆነ ሰው ነው።

«ቅጠሉ የኔው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እንዳይነቃ ብዬ ነው። እባክሽ ወደ ቤት እንዳታስገቢው። ሙቀት ከነካው ይነቃል፣ ከነቃ ደግሞ...»

«አውቃለሁ» አሉ። «እንዳይነቃ።» ክዳኑን መልሰው ገጠሙና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርዱ መቼ እንደሚያልፍ መጠየቅ ተዉ። ዶክተሩ ልብ ሲል ደስ አለው።

«ስለ ቤቱ ማንሳት አቆመች፤ ለመደች ማለት ነው» አለ ለሚስቱ።

«ወይም አወቁ» አለች ሚስቱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ከተቋሙ ሲመለስ ከበሩ ውጭ ሆኖ የሚስቱን ሳቅ ሰማ። ገባ። ጃርቱ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ይሮጣል፤ በአጫጭር እግሮቹ እየተንደረደረ የግድግዳውን ግርጌ ይከተላል፣ ጥግ ሲደርስ ያነፈንፋል፣ ይታጠፋል፣ ይቀጥላል። ሣጥኑ ከማሞቂያው አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። እናቱ ሹራብ ደርበው ወንበራቸውን ከመስኮቱ ወደ ሳሎኑ አዙረዋል።

«እዪው እስቲ፣ ነፍስ ዘራ» አሉ ለምራታቸው።

«እማማ፣ ወተት ላምጣለት?»

«ወተት አይስማማውም። ባልሽን ጠይቂው፣ እሱ ነው የሚያውቀው።»

ዶክተሩ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ቆመ። «ማነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረኸኛል። ምን ላድርግ፣ አሳዘነኝ። ብቻውን ነው። በረንዳው ያንሰፈስፋል። አንድ ነገር ቢሆን ማን ያነሳዋል? ሰው መሃል ይሁን ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ቃላቱን አወቃቸው። የት እንደተናገራቸውም አስታወሰ። የሚስቱ ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እሱ እኮ አልበረደውም። ተኝቶ ነበር» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁን ለማለስለስ እየሞከረ። «ቅዝቃዜው ለሱ ቤቱ ነው።»

«መቼም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

«እማዬ...»

«ደግሞ እየው፣ እንዴት ነው የሚሮጠው። ታድሷል።»

«አልታደሰም» አለ። ሳያስበው የመምህር ድምፁ ወጣ፤ ክፍል ውስጥ የሚናገርበት፣ የረጋና የጠራ ድምፅ። «እየነደደ ነው። ያለውን ስንቅ በሙሉ ለዚህ ሩጫ ነው የሚያወጣው። ለጊዜው ደህና ይመስላል፤ ከዚያ መብላት ይተዋል፣ ይዳከማል፣ ጥግ ይዞ...»

ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆመ። ዓይኑ ከጃርቱ ተነስቶ በእናቱ ሹራብ ላይ አረፈ፤ ሹራቡ ከወራት በፊት በልካቸው የነበረ፣ አሁን ግን ከትከሻቸው ላይ እንደ ተሰቀለ የሰፋባቸው ሹራብ ነው።

«ጨርሰው እንጂ» አሉ እናቱ። «ጥግ ይዞ ምን ይሆናል?»

ጃርቱ ግርጌውን ተከትሎ ከዶክተሩ ጫማ ጋር ተላተመና ተጠቀለለ።

«ጎጆውን ይዞ ነው በሩ ድረስ የመጣው ማለት ነው» አሉ እናቱ፤ እንደ ጥያቄም እንደ ወሬም አላደረጉትም። «ከነቅጠሉ። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ጎጆው ከቦታው ከተነሳ ያነሳው ሰው ነው ብለህ። ማነው ክምሬን ያነሳው?»

«ገዢው» አለ ዶክተሩ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሚስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቤቱስ?»

«ፈርሷል።»

«ወይኑስ?»

ዶክተሩ ወይኑን አላየም ነበር። እዚያ ቆሞ የተመለከተው ጃርቱን ብቻ ነው። ይህንን መናገር ከሁሉ ከበደው።

እናቱ አላለቀሱም። ቁጣም አልወጣቸው። የተጠቀለለውን ጃርት አዩና «እንግዲህ አሁን ምን ይደረጋል?» አሉ። ስለ ጃርቱ መሆኑ ነው።

ዶክተሩ ገመድ እንዳገኘ ሰጣሚ ወደዚያ ጥያቄ ተጠጋ። «ተመልሶ መተኛት አይችልም። እዚሁ ሙቀት ውስጥ እናቆየዋለን። ከተቋሙ ትልና ጢንዚዛ አመጣለታለሁ። በእጃችን እያበላን ብርዱን እናሻግረዋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሙቀት ሲገባ እንለቀዋለን።»

«የት?»

 ከጎረቤት ቤት የውኃ ቧንቧ ይንጎራጎራል።

«ይተዉት» አሉ እናቱ ተነስተው። «አስቸገርኩዎት።»

ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን «እርስዎ»፣ «ዶክተር» ይሉት ጀመር፤ ቀልዱ ወጥቶበት፣ እንደ ጎረቤት ሰው። ሻንጣቸውን ፈትተው ልብሳቸውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰቀሉ። ዶክተሩን ከዚያ በፊት ምንም ነገር እንደዚያ ወግቶት አያውቅም። የሚቀርብላቸውን ሳይቀንሱ ይበላሉ፣ ሲያናግሯቸው ይመልሳሉ፣ ምስጋናቸውም አይጓደልም። የተጠቀለለን ጃርት በጉልበት ልክፈትህ ቢሉት ከቆዳው ሥር ያለው ጡንቻ ይበልጥ ይጠብቃል፤ መፍትሔው አጠገቡ ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ዶክተሩ ጽፏል። ስለዚህ አጠገባቸው እየተቀመጠ ይጠብቃል። ጃርቱን በወረንጦ ትል ሲያጎርሰው እናቱ ከወንበራቸው ሆነው ያያሉ። ጃርቱ ወፈረ።

ብርዱ አለፈ። ከተቋሙ ጀርባ ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበት ሰፊ ግቢ አለ፤ ዶክተሩ እናቱን አብረን እንልቀቀው ብሎ ለመናቸው።

«እርስዎ ይበቃሉ፣ ዶክተር» አሉት።

ብቻውን ሄደ። ሣጥኑን ሣሩ ላይ ገልብጦ ወደ ኋላ አፈገፈገና ቁጢጥ አለ። ድቡልቡሉ ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀም፤ ከዚያ አፍንጫው ወጣ፣ ግንባሩ ተከተለ። ወደ ቁጥቋጦው አልሄደም። ወደ ዛፉም አልሄደም። ሜዳውን አቋርጦ የተቋሙን የብሎኬት አጥር እስኪያገኝ ተጓዘና፣ ሲያገኘው ጎኑን አስጠግቶ ግርጌውን ይዞ ማነፍነፍ ጀመረ።

ወደ ቤት ሲመለስ እናቱ ማድ ቤት ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ሄደ?»

«ሄደ።»

«ወዴት?»

«አጥር ፈልጎ አጥሩን ተከትሎ ሄደ።»

እናቱ ልጣጩን ከጣታቸው አራገፉ። «ይዞራል እንግዲህ» አሉ። «የራሱ እስኪመስለው ይዞራል።»

ዶክተሩ ሳይጠይቃቸው ሌላ ቢላዋ አነሳና ከፊታቸው ተቀመጠ። እናቱ ከሳሕኑ አንድ ሽንኩርት መርጠው፣ ሳያዩት፣ ወደሱ ገፉለት።